ተጨማሪዎቹ ሁለት ዓመታት

በደብረ ብርሃን በሳይካትሪ (በአእምሮ ሕክምና) ስፔሻሊስትነት ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ፣ የሕፃናትና የአፍላ ወጣቶች ሳይካትሪ ፌሎሺፕ፣ ማለትም ተጨማሪ ሥልጠና፣ የመማር ፍላጎቴን ያበረታው አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ከመንዝ ይዘውት የመጡት ሁለት ሱባኤ ጠበል ካስጠመቁት በኋላ ነበር። «ዶክተር፣ ቤት ከእህቶቹ ጋር ሲያወራ ይውላል፤ ትምህርት ቤት ሲደርስ ግን አፉ ይያዛል» አሉኝ። እኔም እንደ አዋቂ ታካሚ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስሙንና የሚያስፈራውን ነገር ደጋግሜ ብጠይቀው የእናቱን ነጠላ ፊቱ ላይ ስቦ ጭራሹን ተሸሸገ። ሌላ ቦታ እየተናገረ በአንድ ስፍራ ብቻ ከወር በላይ ዝም የሚል ልጅ ከፍርሃት ጋር የተያያዘ የታወቀ ችግር እንዳለበት፣ ሲጫኑትም እንደሚብስበት ከመጽሐፍ አውቅ ነበር። በሬዚደንትነት (ስፔሻሊስት ለመሆን በሠለጠንኩበት) ዘመኔ ከልጆች ጋር የሠራሁት ግን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበርና ዕውቀቱ ልምድ አልሆነልኝም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ወረቀትና ባለቀለም እርሳስ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ከእናቱ ጋር ስለ ገብሱ አዝመራ አወራሁ። ልጁ ቀስ ብሎ በጎች ሳለ። «አራት በጎች» ስል ወደ እናቱ ጆሮ ተጠግቶ፣ ለእኔም በሚሰማ ድምፅ፣ «አምስት ናቸው፤ አንዷ ከኋላ ናት» አለ።

በአሜሪካ ይህ ፌሎሺፕ ከጠቅላላ ሳይካትሪ ሥልጠና በኋላ የሚወሰድ ሲሆን ሁለት ዓመት ይፈጃል። ሐኪሙ የልጅን ዕድገት ደረጃ በደረጃ መመዘን፣ ጨዋታን ማንበብ፣ ወላጆችን ከልጁ ጋርም ለብቻቸውም ማነጋገር የሚለማመደው በአሠልጣኝ ዓይን ሥር ነው። የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር አለ ለማለት እንኳ ምልክቱ ከአንድ በላይ ቦታ፣ ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም፣ መታየት ስላለበት ከመምህራን ጋር መሥራት የሕክምናው አካል ነው። መድኃኒቱም ቢሆን የአዋቂውን መጠን በመቀነስ ብቻ የሚታዘዝ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2004 እ.ኤ.አ. የድባቴ መድኃኒቶች በልጆችና በአፍላ ወጣቶች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያባብሱ እንደሚችሉ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ስለዚህ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቅርብ ክትትል ይሻሉ። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚስበኝ የአሠልጣኙ ዓይን ነው፤ ያን ቀን ከጀርባዬ ቆሞ «አሁን ዝም በል» የሚለኝ ሰው ባገኝ ልጁን በመጀመሪያው ቀጠሮ አላስፈራውም ነበር።

ለልጁ መምህር፣ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ እንዲያነብ እንዳያስገድዱት፣ ከሚያወራው ጓደኛው አጠገብም እንዲያስቀምጡት የሚጠይቅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ለመጻፍ አንድ ምሽት ሙሉ ፈጀብኝ። እናቱ ደብዳቤውን አጣጥፈው በመቀነታቸው ሸጎጡት፤ ልጁም የበጎቹን ሥዕል ይዞ ሄደ።