«ኮምፓውንድ» ግቢ መሆኑን ያወቅሁበት ክረምት

ጅማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የቡና መጋዘን በጸሐፊነት ተቀጥሬ ሁለተኛ ዓመቴን እንደያዝሁ፣ ከውጭ አገር ገዢ ለመጣ የአንድ ገጽ ደብዳቤ መልስ እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የተማርሁት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃላቱን አንድ በአንድ ስመለከታቸው አብዛኞቹ እንግዳ አልነበሩም፤ ደብዳቤው በጠቅላላው ምን እንደሚጠይቅ ግን ሦስት ጊዜ አንብቤም ሊገባኝ አልቻለም። መልሱን በመጨረሻ ሌላ ሰው ጻፈው። ቋንቋውን ለዓመታት ተምሬ አንድ ደብዳቤ መረዳት አለመቻሌ በጣም አሳዘነኝና፣ ቃላትን በዝርዝር ከመሸምደድ ይልቅ ልብ ወለድ እያነበብሁ ለመማር ወሰንሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካም። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው ዘንድ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ ወፍራም የእንግሊዝ ልብ ወለድ ገዛሁ፤ መጽሐፉ በከበደ መጠን ብዙ ቃል የማተርፍ መስሎኝ ነበር። የማላውቀውን ቃል ሁሉ ከመዝገበ ቃላት እየፈለግሁ የአማርኛ ፍቺውን ከመስመሩ በላይ በእርሳስ እጽፍ ስለነበር፣ አንዱ ገጽ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብኝ ነበር። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ስደርስ ባለታሪኩ ማን እንደሆነና ወዴት እየሄደ እንደነበረ ጠፋብኝ። ከሳምንት በኋላ ተመልሼ ሳይ ደግሞ በገዛ እጄ ፍቺ ከጻፍሁባቸው ቃላት አብዛኞቹ አዲስ ሆነው ታዩኝ።

መጽሐፉን ይዤ ጎረቤታችን ወደሆኑት ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ሄድሁ። በእርሳስ የጠቆረውን ገጽ ገልጠው ጥቂት ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ታሪኩ የት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከመደርደሪያቸው የናይጄሪያዊውን የቺኑዋ አቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» አውጥተው ሰጡኝና፣ «በአንድ ገጽ ላይ ከአምስት በላይ የማታውቂው ቃል ከገጠመሽ መልሺልኝና ሌላ እንፈልግልሻለን» አሉኝ። የእሳቸው ልክ ከልምድ የመጣ እንደሆነ እገምታለሁ፤ ሆኖም በኋላ እንዳነበብሁት፣ በቃላት ትምህርት ላይ ለረጅም ዘመን የተመራመረው ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት ልብ ወለድን ያለ ሌላ እርዳታ ለመረዳት በገጹ ላይ ካሉት ቃላት 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልግ፣ ለዚህም ከ8,000 እስከ 9,000 የሚደርሱ የቃል ቤተሰቦች (አንድ መሠረታዊ ቃል ከእርባታዎቹ ጋር እንደ አንድ ሲቆጠር) ማወቅ እንደሚጠይቅ አስልቷል። ይህ ማለት ከመቶ ቃላት የሚከብደን ከሁለት መብለጥ የለበትም ማለት ነው። የእኔ የመጀመሪያ መጽሐፍ ከዚህ ልክ እጅግ የራቀ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1958 የታተመው የአቼቤ ልብ ወለድ ሃያ አምስት አጫጭር ምዕራፎች አሉት፤ ዓረፍተ ነገሮቹም አይንዛዙም። ጊዜውም ተመቸኝ፤ ክረምት ስለነበር፣ የቡና ለቀማው በጥቅምት እስኪጀምር ድረስ መጋዘኑ ጭር ይላል። መምህሩ በነገሩኝ መሠረት አንድን ምዕራፍ መጀመሪያ ሳላቋርጥ አነባለሁ፤ ያልገባኝ ቃል ሲገጥመኝ ከጎኑ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ ብቻ አደርጋለሁ። ያው ቃል ለሦስተኛ ጊዜ ከመጣ ብቻ ፍቺውን እፈልጋለሁ። ይህ ትዕግሥት ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጄ ወደ ስልኬ ሲሄድ ደጋግሜ መልሼዋለሁ። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ያሳለፍሁት ቃል ሦስተኛው ላይ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ፍቺውን ራሴ ደርሼበት አገኘው ነበር፤ እንዲህ ያገኘሁት ቃል ደግሞ እስካሁን አልጠፋኝም።

ይበልጥ ያስተማሩኝ ግን የማውቃቸው የመሰሉኝ ቃላት ናቸው። «ኮምፓውንድ» የሚለውን ከኬሚስትሪ ትምህርት «ውህድ» ብዬ ነበር የማውቀው። ባለታሪኩ ኦኮንኮ ሰፊ ኮምፓውንድ እንዳለው ሳነብ ግራ ገባኝ፤ ቀጥሎ ግን በቀይ አፈር ግንብ መታጠሩ፣ በውስጡም የእሱና የሦስት ሚስቶቹ ጎጆዎች መኖራቸው ሲነገር ስለ ግቢ እንደሆነ ተረዳሁ። ቀይ አፈር የእኛም አገር አፈር ስለሆነ ያ ግቢ ወዲያው በዓይኔ መጣ። «ታይትል» ለእኔ የመጽሐፍ ርዕስ ብቻ ነበር፤ በዚያ ማኅበረሰብ ግን አንድ ሰው በሀብቱና በክብሩ የሚይዘው ማዕረግ ነው፤ የኦኮንኮ አባት አንድም ሳይዝ መሞቱ የልጁን ሕይወት በሙሉ ስለሚያሳድደው፣ ይህን ቃል የተሳሳተ ሰው ታሪኩንም ይስታል። «ታፕ»ም ከቧንቧ ውጭ ትርጉም ያለው አይመስለኝም ነበር፤ እዚህ ግን ከዘንባባ ዛፍ ለመጠጥ የሚሆን ፈሳሽ መቅዳት ሆኖ አገኘሁት። የገዢውን ደብዳቤ ያከበደብኝም ይኸው እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ በአንድ ፍቺ ብቻ የያዝኋቸው ቃላት በሌላ ፍቺ መጥተውብኝ ነበር።

«ያም» የሚለው ቃል ታሪክ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። የስልኬ መዝገበ ቃላት የስኳር ድንች ዓይነት እንደሆነ ነገረኝና ተቀብዬ ማንበቤን ቀጠልሁ። ጥቂት ገጾች አልፌ ግን ሐረጉ እያደገ ሲሄድ ገበሬዎቹ መጀመሪያ በትንንሽ እንጨት፣ ቆይተውም በረጃጅም ቅርንጫፍ እንደሚደግፉት አነበብሁ። የስኳር ድንች ሐረግ መሬት ለመሬት ስለሚሳብ ነገሩ አልዋጥልሽ አለኝ። ከወላይታ የመጡትን አያቴን ስጠይቃቸው፣ «ችካል ላይ የሚወጣ ከሆነማ ቦዬ ነው እንጂ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍቺ ሳገኝ ታሪኩ የሚነግረኝን አይቃረን እንደሆነ ሳላረጋግጥ በደብተሬ አላሰፍርም። የአንበጣ መንጋ ሰማዩን ሸፍኖ መጥቶ የዛፍ ቅርንጫፍ በክብደቱ የሚሰብርበትን ክፍል ሳነብ ደግሞ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም፤ በ2012 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰውን በቴሌቪዥን ስላየሁት «ሎከስት» ምን እንደሆነ ራሱ ገጹ ነገረኝ።

በደብተሬ የምጽፈው ቃሉንና ፍቺውን ጎን ለጎን አልነበረም። ቃሉ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፉ እገለብጣለሁ፣ ከሥሩ በዚያው ቃል ስለ መጋዘናችን ወይም ስለ ቤታችን የራሴን ዓረፍተ ነገር እሠራለሁ፣ ዘወትር ቅዳሜ ለመምህሩ አሳያቸዋለሁ። ክረምቱ ሲያልቅ 214 ቃላት ተመዝግበው ነበር። አንዳንዶቹ ሁለት ቃላት ተጣምረው የሚፈጥሯቸው ናቸው፤ የመጽሐፉ ስም ራሱ ከእነዚህ አንዱ ነው። «ፎል» መውደቅ፣ «አፓርት» መለያየት መሆኑን ባውቅም፣ ሲጣመሩ መፈራረስና መበታተን እንደሚሆኑ በትክክል የገባኝ የኦኮንኮ አገር የኡሙኦፊያ ሰዎች አንድነት ሲናድ ካነበብሁ በኋላ ነው።

አንድ ጉድለት ዘግይቼ ደረስሁበት። በዓይን ብቻ የተማርሁትን ቃል ጆሮዬ አያውቀውም ነበር። ዝናብ ጠፍቶ የኦኮንኮ ዘር የተቃጠለበትን ክፍል ለመምህሩ ስተርክ ድርቅን «ድሮት» ብዬ ጠራሁት፤ እሳቸው የምለው አልገባቸው ብሎ አጻጻፉን ካሳየኋቸው በኋላ «ድራውት» ነው ብለው አረሙኝ። ቃሉን ለሳምንታት በልቤ በተሳሳተ ድምፅ ስለው ስለነበር ለማረም ከመማር ይበልጥ አደከመኝ። አሁን አዲስ ቃል በደብተር ከማስፈሬ በፊት አነባበቡን በስልኬ አዳምጣለሁ፤ ይህን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሬ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ብዬ እቆጫለሁ።

በመስከረም መጽሐፉን እንደገና ከመጀመሪያው አነበብሁት፤ በዚህኛው ዙር ላጲስ ይዤ፣ ያለ ችግር ያለፍሁትን ቃል ነጥቡን እያጠፋሁ ሄድሁ። ሲያልቅ የቀሩት 37 ነጥቦች ነበሩ፤ ብዙዎቹም አንድ ጊዜ ብቻ የተጠቀሱ የዕፅዋትና የዕቃ ስሞች ስለሆኑ ትቻቸዋለሁ። በጥቅምት መጨረሻ ከዚያው ገዢ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ሁለት ቦታ ላይ መምህሩን መጠየቅ አስፈልጎኛል፤ መልሱን ግን እኔ ጻፍሁት።

አሁን የያዝሁት እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣውን የአቼቤን ሁለተኛ ልብ ወለድ ነው። ባለታሪኩ የኦኮንኮ የልጅ ልጅ ሲሆን ሌጎስ ውስጥ በመንግሥት ሥራ ተቀጥሮ የሚኖር ነው፤ ስለዚህ ጎተራውና ጎጆው ቀርተው የቢሮ፣ የብድርና የጉቦ ቃላት መጥተዋል። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ፤ በአንድ ገጽ የማደርገው ነጥብ ከሦስት አይበልጥም።