ባዶው ቱቦ ሲበራ

የምሠራው ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ላቦራቶሪ ነው። የማስተርስ ተማሪዎች ሲመጡ ዕቃ የማዘጋጅላቸው፣ ማሽን የማስነሳላቸው፣ ሲከሽፍባቸውም አብሬ የምናደደው እኔ ነኝ።

አንድ ክረምት የመጣው ልጅ ጥናቱ በሩማቶይድ አርትራይተስ ላይ ነበር። ሰዉ ቁርጥማት ነው ብሎ የሚያልፈው፣ የጣት አንጓ የሚያሳብጥ፣ ጠዋት ጠዋት እጅን አልታጠፍ የሚያሰኝ በሽታ። ያበጠው መገጣጠሚያ ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይጎርፋሉ። ማይሎፐርኦክሲዴዝ በተባለ ኢንዛይማቸው ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሠራሉ። ጀርም መግደያቸው ነው። እዚህ በሽታ ላይ ግን የሚገደል ጀርም የለም። ዳፋው የአጥንቱን ጫፍ ለሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል ይተርፋል።

ልጁ የያዘው ፍሎረሰንት ፕሮብ ይህን አሲድ የሚያሳብቅ ሞለኪውል ነው። ለብቻው ሲሆን ጨለማ ነው። አሲዱን ሲያገኝ ቅርጹ ይለወጣል፤ ከዚያ ሰማያዊ ብርሃን ሲያበሩበት አረንጓዴ ይበራል።

እንግዲህ ከሕመምተኞች ጉልበት በመርፌ የተቀዳ ፈሳሽ አለ። ከጎኑ ብላንክ፣ ማለትም ባዶ ማነጻጸሪያ፣ አለ፤ ቡፈር የሚባለው አሲድነቱ እንዳይዋዥቅ ተደርጎ የተበጠበጠ ፈሳሽና ፕሮብ ብቻ፣ የሰው ነገር የሌለበት። ብላንኩ መጨለም፣ የሕመምተኛው መብራት ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው። ባዶው ቱቦ ቦግ ብሎ በራ። የሕመምተኛው ድርግም አለ።

«ጋሼ፣ ቱቦ አቀያይሬ ይሆን?» አለኝ ልጁ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ምልክት አድርገን ደገምነው። ያው ነው። ቡፈሩን ጥለን አዲስ በጠበጥን። ያው። ፕሮቡ ብርሃን መትቶት ተበላሽቶ ይሆናል ብለን አዲስ ጠርሙስ ከፈትን። አሁንም ያው። ልጁ ለአማካሪው ስልክ ሊደውል ሲል የጽዳት እናታችን ባልዲያቸውን ይዘው ገቡ። ሽታው ቀድሟቸው ነው የገባው።

«እትዬ፣ እነዚህን ቱቦዎች በምን አጠቧቸው?»

«በበረኪና ነዋ! የሰው ፈሳሽ የነካውን በረኪና ዘፍዝፊ ያላችሁኝ እናንተው አይደላችሁ?»

እውነታቸውን ነው። 0.5 በመቶ ክሎሪን ውስጥ መዘፍዘፍ ግድ ነው። ችግሩ ውሃ መጥፋቱ ላይ ነው፤ ያን ሰሞን በጀሪካን ለቅለቅ እያሉ ነበር የሚያወጧቸው። በረኪና ደግሞ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ቡፈር ውስጥ ሲገባ ያንኑ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሰጣል። ፕሮቡ አልዋሸም። የጉልበት ይሁን የባልዲ የሚለይበት መንገድ የለውም።

የሕመምተኛው ለምን ጨለመ? ይሄ ነው ደስ የሚለው። የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ፕሮቲን የሞላው ነው። ፕሮቲኑ በቱቦው ላይ የቀረውን ክሎሪን ለፕሮቡ ሳይተርፈው ቅርጥፍ አድርጎ በልቶታል። ብላንኩ ውስጥ ግን የሚበላው አልነበረም።

ለማረጋገጥ አንዱ ቱቦ ላይ ፕሮቡን ከመጨመራችን በፊት ክሎሪን የሚያረክስ ሶዲየም ታዮሰልፌት ጠብ አደረግን። ጨለመ። ልጁ እጁን አጨበጨበ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ጨርሶ ባልተነካ አዲስ ቱቦ ስንሞክር ብላንኩ እንደሚገባው ጨለመ፤ የሕመምተኛውም አብሮት ጨለመ። እውነቱን ለመናገር ይሄን ጠርጥሬው ነበር። ይህ አሲድ ቆሞ የሚጠብቅ ዘር አይደለም፤ በተፈጠረበት ያገኘውን ነክሶ ያልቃል። ጠዋት ተቀድቶ ፍሪጅ ውስጥ የዋለ ፈሳሽ ውስጥ ከሰዓት ማን ያገኘዋል?

ኢንዛይሙ ግን ይቆያል። ስለዚህ ልጁ አቅጣጫውን ቀየረ። ማይሎፐርኦክሲዴዙን እሱን ብቻ መርጦ በሚይዝ ፕሮቲን፣ በአንቲቦዲ፣ ይዞ፣ ሌላውን ፕሮቲን አጥቦ ያስወግዳል። ከዚያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ጨው ይሰጠዋል። ኢንዛይሙ አሲዱን እዚያው ይሠራል፣ ፕሮቡም እዚያው ያነባል። ሥራው በዝቷል፣ የሚያስፈልገው ኬሚካልም ተወዷል፣ ግን የሚያስኬድ መንገድ ነው።

እትዬ ግን የሱን ቱቦዎች ከእንግዲህ አልነካም ብለዋል። «ጎበዝ ነህ አይደል፣ ራስህ እጠብ!» አሉት። ልጁም ጓንቱን አጥልቆ ወደ ገንዳው ሄደ።