ቃልን ከነጓዙ

ቃል ብቻውን ተሸምድዶ አይዘልቅም፤ ቢዘልቅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ያሳፍራል። ስለዚህ እንግሊዝኛ በማጠናባቸው ካርዶቼ ላይ ያለ አጃቢ የተጻፈ ቃል የለም።

መነሻዬ የቋንቋ ተመራማሪዋ አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ነው፤ 570 የቃል ቤተሰቦች (ከአንድ ቃል የተራቡ ቃላት ስብስቦች) በ10 ክፍል ተደልድለውበታል። በብዛት የሚያጋጥሙት የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ስላሉ ከዚያ እጀምራለሁ። ዝርዝሩ የትኛው ቃል እንደሚቀድም ይጠቁማል እንጂ የሚሸመደድ አይደለም፤ ቃሉን የማጠናው ንባብ ላይ ሳገኘው ነው።

ለንባቡ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይመቸኛል። እሑድ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ፎርቹንም የኢኮኖሚ ዘገባው በእነዚህ ቃላት የተሞላ ነው። አስቀድሜ 100 ቃል ያህል አነብና የማላውቃቸውን አሰምርባቸዋለሁ። ከ5 ካለፉ ጽሑፉን ለጊዜው እተወዋለሁ፤ ዙሪያው ያለው ካልገባኝ የአዲሱን ቃል ፍቺ ከአገባቡ መገመት አልችልም።

ከአንድ ጽሑፍ 5 ቃል ይበቃል። በካርዱ ፊት ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ገልብጬ፣ በቃሉ ቦታ የመጀመሪያ ፊደሉን ብቻ እተዋለሁ። ከጀርባ ቃሉ፣ መስተዋድዱና አብረውት የሚመጡ ሁለት ስሞች ይሰፍራሉ። ለምሳሌ «ኢምፖዝ» (መጣል) የሚለው «ኢምፖዝ ኤ ታክስ ኦን» እና «ኢምፖዝ ሪስትሪክሽንስ ኦን» ተብሎ ይያዛል።

አማርኛ ተናጋሪን በብዛት የሚጥለው መስተዋድዱ ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ» ላይ «አባውት» እንጨምራለን፤ ግሡ ግን ተሳቢውን በቀጥታ ይወስዳል። «ለሕጉ መገዛት» የሚለው ደግሞ «ኮምፕላይ ቱ» ያስብለናል፤ ትክክሉ «ኮምፕላይ ዊዝ» ነው። «በዚህ ላይ ማተኮር» ብለን «ኢምፈሳይዝ ኦን» እንጽፋለን፤ «ኦን» የሚከተለው ግን ስሙን፣ «ኢምፈሲስ»ን ነው። እነዚህን በቀይ ቀለም እለያቸዋለሁ።

ክለሳው በማግስቱ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ21ኛው ቀን ገደማ ነው። አንኪ የተባለው መተግበሪያ ጊዜውን ራሱ ያሰላል፤ አንድሮይድ ላይ ነጻ ነው፣ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞም ይሠራል። መልሱን ከማየት በፊት ጮክ ባይባልም በአፍ ማለት ግድ ነው፤ አይቶ «አውቀዋለሁ» ማለት ማስታወስ አይደለም። አዲስ ካርድ በቀን 20 እየጨመሩ የሚጀምሩ ብዙዎች የክለሳው ክምር ሲያሸንፋቸው ይተዉታል።

ካርዱ ደጋግሞ ከጠፋብኝ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ነው፦ ወይ ረዝሟል፣ ወይ ሌላ ቃልም ይገባበታል። ያኔ ካርዱን ጥዬ ከሌላ ጽሑፍ አጠር ያለ እፈልግለታለሁ።