«ቢለቀቅ ይሰወራል» ሲባል የምጠይቃቸው ጥያቄዎች

በከፍተኛ ፍርድ ቤት የወንጀል ችሎት ዳኛ ሆኜ ሠርቼ በጡረታ ወጥቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ከፍርድ ይልቅ የሚከብደኝ የዋስትና ጥያቄ ነበር። ፍርድ ሲሰጥ ምስክር ተሰምቷል፣ ተከራካሪዎቹም የሚሉትን ብለው ጨርሰዋል። የዋስትና ጥያቄ ግን ገና ምንም ሳይጣራ ይመጣል። በአንድ በኩል የተጎጂው ቤተሰብ እያለቀሰ ይቀመጣል፤ በሌላ በኩል ጥፋተኛ ያልተባለ ሰው ይቆማል። ሁለቱንም ዓይን ለዓይን እያዩ መወሰን ግዴታ ነው።

ስለዚህ ለራሴ ሥርዓት አበጀሁ፤ መዝገቡን ስከፍት መጀመሪያ የማየው የተጠቀሰውን አንቀጽ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 በዋስ መለቀቅን መብት ያደርገዋል፤ መከልከል የሚቻለው ሕግ በዘረዘራቸው ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 ደግሞ የሞት ቅጣትን፣ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራትን እንዲሁም የተጎጂውን የመሞት ዕድል ያነሣል። እኔ የተከተልኩት ንባብ ሁለቱን አብሮ የሚያይ ነው፦ ቅጣቱ ከባድ ሆኖ ሰው ከሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ከሆነ በሩ ዝግ ነው፤ የቅጣቱ ክብደት ብቻውን ግን አይዘጋውም።

በዚህ ምክንያት የሐኪም ወረቀት የሰው ነጻነት የሚወሰንበት ሰነድ ይሆናል። በስለት ሰው ወግቷል የተባለ አንድ ወጣት ቀርቦ መርማሪው «የተጎጂው ሁኔታ አልታወቀም» የሚል ማመልከቻ አስገባ። ተጎጂው ከችሎቱ ብዙም በማይርቅ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እንዴት አልታወቀም? ሕጉ የዋስትና ጥያቄ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲወሰን ስለሚያዝ፣ ሆስፒታሉ «የተጎጂው ሕይወት አስጊ ሁኔታ ላይ ነው ወይስ አይደለም?» ለሚለው ጥያቄ በሐኪም ፊርማ እንዲመልስ በዚያው ዕለት ትዕዛዝ ጻፍኩ። በማግሥቱ መልስ መጣ፦ ተጎጂው ከአስጊ ሁኔታ ወጥቷል። ያ ደብዳቤ ባይጠየቅ ወጣቱ «አልታወቀም» በሚል አንድ ቃል ሳምንታት ይታሰር ነበር።

በሩ ክፍት ከሆነ ቀጥሎ የዚያው የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 67 ይመጣል። ሦስት ስጋቶች አሉት፦ የዋስትና ግዴታውን አያከብርም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል። ፖሊስ ሦስቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ደርድሮ ማቅረብ ይወዳል። እኔ ደግሞ አንድ በአንድ እጠይቅ ነበር። ይሰወራል ያላችሁት ከምን ተነሥታችሁ ነው? ስትይዙት እየሸሸ ነበር ወይስ እጁን ራሱ ሰጠ? ቋሚ አድራሻ አለው? የሚያስተዳድረው ቤተሰብስ? ምስክር ያባብላል ካላችሁ፣ ቃላቸውን ያልሰጡ ምስክሮች ስንት ቀሩ? ቃላቸው ከተመዘገበና ኤግዚቢቱ፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘው ዕቃ፣ በእጃችሁ ካለ፣ ምኑን ነው የሚያጠፋው?

መልስ ያለው መርማሪ መልሱን ያመጣል። በአንድ የቡድን ዘረፋ መዝገብ ፖሊስ ያቀረበው ምስክር፣ የተጠርጣሪው ወንድም በሌሊት ቤቱ ድረስ መጥቶ እንዳስፈራራው በችሎት ተናገረ። ዋስትናውን ሳላመነታ ከለከልኩ። የሚጨበጥ ስጋት ማለት ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰው፣ በዚህ መዝገብ፣ በማስረጃ የተደገፈ።

ከሁሉ የሚከብደው የደም ጉዳይ ነው። «ብንለቀው የተጎጂው ዘመዶች ይገድሉታል» የሚል ተቃውሞ ደጋግሞ ይነሣል፤ ቀላልም አይደለም፣ ቂም ያለበትን አገር አውቃለሁ። ሆኖም ይህ ስጋት አንቀጽ 67 ከዘረዘራቸው አንዱ አይደለም። ሌላው ሊያጠቃው ስለሚችል ሰውን ማሰር ዛቻውን በተዛተበት ላይ ማሳረፍ ነው። እንዲህ ሲሆን ከተጎጂው ቤተሰብ ርቆ እንዲቀመጥ፣ በየጊዜው ለፖሊስ ቀርቦ እንዲፈርም፣ ከአገር እንዳይወጣም ለኢሚግሬሽን እንዲጻፍ አዝ ነበር። የዛተውን መከታተል የፖሊስ ሥራ ነው።

የገንዘቡ መጠንም ራሱን የቻለ ፍርድ ነው። አንቀጽ 69 የተከሳሹንና የዋሶቹን አቅም እንድናይ ያዛል። ለነጋዴ ቀላል የሆነ ገንዘብ ለቀን ሠራተኛ ክልከላ ነው። ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ ለሌለው፣ ደመወዝ ያለው ሰው ወይም የቤት ካርታ የያዘ ዘመድ ዋስ ሆኖ እንዲቀርብ እፈቅድ ነበር። ድሮ ዋስ ያጣ ሰው ከከሳሹ ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ ዳኛ ፊት ይሄድ ነበር፤ ያ ቁራኛ በብር ተለውጦ እንዲመለስ አልፈለግሁም።

ሕጉ ራሱ በአንድ ትዕዛዝ ምክንያት ሊለወጥ እንደሚችልም አይተናል። በ1993 ዓ.ም. ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በሙስና የተጠረጠሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ፤ አቶ ስዬ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ፣ ብዙም ሳይቆይ በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትናን የሚከለክል አዋጅ ወጣ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 434 ክልከላውን ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ሙስና ላይ ወሰነው። ከዚያ ታሪክ የያዝኩት፣ ዳኛ በዕለቱ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ምክንያቱን ዘርዝሮ መጻፍ እንዳለበት ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 75 ዋስትና የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንዲል ይፈቅዳል፤ በተግባር ደግሞ ዐቃቤ ሕግም ዋስትና ሲፈቀድ ለማሳገድ ወደ በላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በሁለቱም አቅጣጫ የሚነበበው የጻፍኩት ምክንያት ነው፤ «የወንጀሉን ክብደት በማየት» ብቻ የሚል ትዕዛዝ ለይግባኝ ሰሚው ምንም አይነግረውም።

ለወጣት ዳኞች አንድ የአሠራር ነገር ልጨምር። ዋስትና ዓርብ ከሰዓት ሲፈቀድና የመፍቻው ትዕዛዝ ግልባጭ በዚያው ዕለት ካልወጣ፣ ሰውየው እስከ ሰኞ ይታሰራል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መዝገብ ጠዋት አስቀርብ ነበር፣ የችሎት ጸሐፊዋም ግልባጩን እስክታወጣ ከጽሕፈት ቤቴ አልወጣም ነበር።