በታኢዝ የግንቦት 21 ሌሊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እኔ ዝም ብል ድንጋዮች ይጮኻሉና፣ እግዚአብሔር በእናቱ አማላጅነት በየመን ያደረገልኝን እናገራለሁ።

የየመን ነገር ሲነሣ ሰው የሚያስበው በባሕር ተሻግሮ ስለሚያልቀው ወገናችን ነው፤ እውነትም ነው። እኛ ግን በአውሮፕላን፣ ውል ፈርመን የሄድን ኳስ ተጫዋቾች ነበርን። በዚያ ዘመን የየመን ክለቦች ኢትዮጵያዊ ይወዱ ነበር፤ እነ ዮርዳኖስ ዓባይም እዚያ ተጫውተዋል። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ቤተሰብ ያለው ሁሉ ዕድሉን ይመኘዋል። እኔ የመሃል ተከላካይ ነኝ። በ1998 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ ሩዋንዳን 1 ለ 0 አሸንፈን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን የሴካፋ ዋንጫ ስናነሣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ከዚያም የብሔራዊ ቡድኑን ማሊያ ለብሻለሁ።

ክለባችን ታኢዝ ነበር። ከባሕር ወለል 1,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ጀበል ሰብር የሚባለው ተራራ ከላይዋ ቆሟል። ሁዴይዳ ወርደን ስንጫወት ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥረናል፤ ታኢዝ ስንመለስ አየሩ የአገራችን አየር ነው። ደጋፊው «ያ ሐበሺ!» (አንተ ሐበሻ!) እያለ በየመንገዱ ያስቆመን ነበር። የክለቡ ወጌሻ ደግሞ ከሁሉ ይለዩብኛል። ትልቅ ሰው ናቸው፤ «ዓሚ»፣ አጎቴ፣ ነበር የምንላቸው። ጉልበቴን ሲያሹ ሁልጊዜ ስለ እናቴ ይጠይቁኝ ነበር። የታኢዝ ችግር ውኃ ነው። የቧንቧው ውኃ በሳምንታት አንዴ ቢመጣ ነው፤ ሰው ሁሉ ከቦቴ እየገዛ ጣሪያው ላይ ባለው ታንከር ያጠራቅማል። ይህን የውኃ ነገር ልብ በሉልኝ።

በጥር 2003 ዓ.ም. እናቴ ታመመች። ፓስፖርታችን ቢሮ ተቆልፎበት ስለነበር እንዲሰጡኝ ለመንኩ። ኃላፊው ዛሬ ነገ ሲለኝ እናቴ በአስተርዮ ማርያም ማግስት ዐረፈች። ዕድሜዋን ሙሉ የማርያምን ጽዋ የጠጣች ሴት! ለቅሶዋን በስልክ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ እግዚአብሔርን የለህም አላልኩትም፤ የባሰውን ነው ያልኩት። አለህ፣ ግን አታይም አልኩት። እመቤቴንም «የአንቺን በዓል ስታከብር ለኖረች ሴት አንድ ልጇን ለቀብር ማድረስ አቃተሽ?» አልኳት። እናቴ የሰጠችኝን ውዳሴ ማርያም ከቦርሳዬ ሥር ከተትኩት። ከዚያ ወዲያ አልጸለይኩም።

በየካቲት ወጣቶቹ ፕሬዚዳንቱ ይውረድ ብለው አደባባይ ላይ ድንኳን ተከሉ፤ ቦታውን የነጻነት አደባባይ አሉት። ቤታችን ከዚያ ሩቅ አልነበረም። ልምምድ ቆመ፤ ደመወዝም ቆመ።

ግንቦት 21 እሑድ ዋለ። የደብረ ምጥማቅ በዓል ነው። እኔ ልቤ ደንድኖ ቀኑንም አላሰብኩት፤ «ዛሬ እኮ 21 ነው» ያለኝ አብሮኝ የሚኖረው የአርባ ምንጭ ልጅ ነው። እሱ ጴንጤ ነው፤ ድሮ በየወሩ 21 ቡና አፈላ ስለነበር ቀኑን ያውቀዋል። አልመለስኩለትም። ያን ዕለት ጠዋት የቀረችንን ብር አዋጥተን ታንከሩን በቦቴ አስሞልተን ነበር።

ሊመሽ ሲል ተኩስ ተጀመረ። መጀመሪያ ወደ ሰማይ መስሎን ነበር። ቀጥሎ የቡልዶዘር ድምፅ መጣ፤ አስለቃሽ ጭሱ በመስኮት ገባ፤ ድንኳኖቹ ሲነዱ የክፍላችን ግድግዳ ቀላ። መብራት ጠፋ። ሰው በጣሪያ ላይ ሲሮጥ ይሰማናል። ግንቡ ይከልለናል ብለን ፍራሾቻችንን ከመስኮቱ ሥር ስበን ተጋደምን። ልጁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» ይላል። እኔ አፌ ተሳሰረ። ልጸልይ እፈልጋለሁ፤ ደግሞ በምን ፊቴ እላለሁ፤ ደግሞ ንዴቱ አልወጣልኝም። ተኩሱ ጋብ ሲል የሚያቃስት ሰው ከመንገድ ይሰማል። ወጥተን እናንሣው ብንል በሩ ላይ እንቀራለን። ያ ድምፅ ቆይቶ ጠፋ።

ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም፣ ከጣሪያ ላይ አንድ ነገር ጓ አለ። ታንከሩ ተመታ። ውኃው በደረጃው ወርዶ በበሩ ሥር ገባና የተኛንበትን አራሰው። ያን ጊዜ ያልኩትን እሱ ይቅር ይበለኝ። ተነሥቼ በጨለማው ውስጥ ጮኽሁ፤ «እናቴን ወሰድህ፣ እንጀራዬን ቆረጥህ፣ ይህችን ውኃ እንኳ ነፈግኸኝ?» አልኩ። ይህን ብዬ ሳልጨርስ ግን እናቴ ስትደነግጥ የምትለው ከአፌ ወጣ፦ «እመ ብርሃን፣ ድረሽ!»

ልጁ «ና፣ ሳያልቅ እንቅዳው» አለኝ። (እዚህ ላይ ላመስግነው። ወንድሜ፣ ያን ሌሊት ሞት በደጅ ቆሞ ውኃ ለመቅዳት ያሰብከው አንተ ነህ፤ እግዚአብሔር ዘመንህን ይባርክ።) ባልዲና ድስት ይዘን ደረጃው ላይ ወጣን። ደረጃው በግንብ መካከል ነው፤ መስኮት የለውም። ባልዲው ገና ሳይሞላ ክፍላችን ውስጥ የመሰባበር ድምፅ ሆነ። የከባድ መሣሪያ ጥይት ነው፤ ይከልለናል ያልነውን ግንብ በሳስቶት ገባ። ሲነጋ አየነው። ራሴን አኑሬበት የነበረው የፍራሹ ጫፍ ተቦጭቆ ስፖንጁ ወጥቷል።

እስኪነጋ በእርጥብ ልብስ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥን። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል» ብዬ ጀመርኩ፤ እኔ ሲጠፋብኝ እሱ ቀጠለ፦ «በአጠገብህ ሺህ በቀኝህም አሥር ሺህ ይወድቃሉ፤ ወደ አንተ ግን አይቀርብም።» ውጭ ግን በአጠገባችን የሚወድቁት ሰዎች ነበሩ፤ የእነሱም እናቶች ይጸልዩ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ ከዚያ እሑድ ጀምሮ ከ50 በላይ ሰው መገደሉን የሚገልጽ መረጃ ደረሰኝ ማለቱን ኋላ ሰማን። ለምን እኔ እንደተረፍኩ አልፈታሁትም። የተደረገልኝን ግን አልክድም። ለአገሬ ካበቃሽኝ እንጦጦ ደጅሽ ጥላ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ተሳልኩ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ወታደር ነው ብለን ትንፋሻችንን ዋጥን። ዓሚ ነበሩ። በዚያ መንገድ ለእኛ ብለው አሮጌ መኪናቸውን ነድተው መጡ። የሁለታችንንም ጉልበት በፋሻ ጠቀለሉና በየኬላው «የተጎዱ ተጫዋቾቼ ናቸው» እያሉ አሳለፉን፤ ጀበል ሰብር ላይ ወዳለው የቤተሰባቸው ቤት ወሰዱን። «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ እደግመዋለሁ፤ ያን ቀን ግን በዓይኔ አየሁት። እናታቸው በር ላይ «ያ ወለዲ»፣ ልጄ፣ ብለው ሲያቅፉኝ ከጥር ጀምሮ እምቢ ያለኝ እንባ ወጣ። በወተት ሻይና በትኩስ ቂጣ ነው ያባበሉኝ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ፕሬዚዳንቱ በቤተ መንግሥታቸው መስጊድ ውስጥ ቆሰሉ፤ ሰንዓም እሳት ሆነች። ክረምቱ አለፈ፣ መስቀል አለፈ። ዓሚ ቢሮ ተመላልሰው ፓስፖርታችንን አስለቀቁልን። ቲኬቱን የቆረጡልን ሰንዓ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ናቸው፤ ከላባቸው አዋጥተው፣ ስማችንን እንኳ በቅጡ ሳያውቁ። የድንግል ልጅ በእጥፍ ይክፈላቸው።

በኅዳር ጽዮን ስለቴን አስገባሁ። ልጁም አብሮኝ እንጦጦ ወጣ። ከዚያ በእናቴ መቃብር ላይ ቆሜ ደርሻለሁ አልኳት።

ከ2007ቱ የየመን ጦርነት ወዲህ የዓሚ ስልክ አይሠራም። ታኢዝ ስትከበብና ስትደበደብ በዜና ሳይ ልቤ ይቆረጣል። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እግዚአብሔር ያውቃቸዋል። ይህን የምታነቡ ሁሉ «የታኢዙን ወጌሻ ከነቤተሰባቸው ጠብቅ» ብላችሁ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።