የወረኢሉ ዘይት የማን ልጅ ነው?

ደቡብ ወሎ፣ ወረኢሉ አካባቢ፣ ከመሬት ሰርጎ የሚወጣ ድፍድፍ ነዳጅ አለ። ይህን ያወራሁለት ሰው ሁሉ «ታዲያ ለምን አይቆፈርም?» ይለኛል። እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ይሄ ዘይት የማን ልጅ ነው?

ነዳጅ የተገኘበት ቦታ የተወለደበት ላይሆን ይችላል። ከእናት አለቱ ወጥቶ በስንጥቅ እየሾለከ ርቆ ይሄዳል፤ የትም ቢሄድ ግን የዘሩን ምልክት ይዞ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ትራይብስ በ1930ዎቹ ድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ ያገኘው ከቅጠል አረንጓዴ ቀለም የመጣ ሞለኪውል ነበር። የዘር ፍለጋው መነሻ እሱ ነው።

የወረኢሉው ናሙና በጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም ድብልቅን በየሞለኪውሉ በሚለይ ዘዴ፣ ሲታይ ኖርማል አልኬኖች (ቀጥ ያለ የካርቦን ሰንሰለት ያላቸው ሞለኪውሎች) ጠፍተዋል። ባክቴሪያ ዘይት ሲያገኝ ቀድሞ የሚበላው እነሱን ነው። ደግነቱ ስቴሬንና ትራይተርፔን የሚባሉት ባለቀለበት ሞለኪውሎች ቶሎ አይበሉም፤ ስለዚህ ተርፈዋል፣ የሚመሰክሩትም እነሱ ናቸው። በዚያ ላይ ፕሪስቴንና ፋይቴን የሚባሉ ሁለት ሌሎች ሞለኪውሎች አሉ፤ የመጀመሪያው መጠን ለሁለተኛው ሲካፈል ከ1 በታች ይመጣል፤ ይህ ኦክስጅን ያጠረው የባሕር ወለል ጠባይ ነው። ወሎ ላይ ባሕር! አዎ፣ በጁራሲክ ዘመን ያ ሁሉ አገር ውኃ ነበር።

እናት ተብሎ የተገመተው አንታሎ በሚባለው የኖራ ድንጋይ መሐል ያለው ጥቁር ሼል (ከጭቃ የተሠራ ስስ ንብርብር አለት) ነው፤ እስከ 7 በመቶ ኦርጋኒክ ካርቦን ተለክቶበታል። የሚገርመኝ፣ ይኸው አለት ጎሃ ጽዮንና ደጀን መሐል፣ ዓባይ በረሃ ላይ በግልጽ ይታያል፣ ግን እዚያ ዘይት አልወለደም። በደንብ አልተቀበረም፣ ስለዚህ ሙቀቱ አልበቃውም። ወረኢሉ ላይ ግን የአሸዋ ድንጋዩና የእሳተ ገሞራው አለት ከ1,500 ሜትር በላይ ተጭኖት በስሏል፤ አለቱ መቼ እንደተቀበረና እንደሞቀ በተሠራ ስሌት መሠረት ካለፉት 10 ሚሊዮን ዓመታት ወዲህ ዘይት እያመነጨ ነው።

ሰርጎ የወጣ ዘይት ታየ ማለት ለገበያ የሚበቃ ክምችት አለ ማለት አይደለም። የተቋጠረበት ወጥመድ መገኘት አለበት። እናትነቱንም ቢሆን እኔ የማምነው ከሼሉ ተለይቶ የወጣው ኦርጋኒክ ነገርና ዘይቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሞለኪውላቸውም የካርቦን አይሶቶፓቸውም (የቀላልና የከባድ ካርቦን ምጣኔያቸው) ሲመሳሰል ነው።

ዓባይ በረሃን ስወርድ ሁሌም መስኮት ዳር ነው የምቀመጠው። በነጣው ድንጋይ መሐል ስስ ጥቁር ንብርብር እፈልጋለሁ።