መነጽር መስደብ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው የጥገና ቤታችን ደንበኞች መካከል እኔን ሲያዩ ፊታቸው የሚጨማደድ አንድ አዛውንት አሉ። በሩን ገፋ አድርገው ይገቡና በእኔ ትከሻ ላይ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ አሻግረው እያዩ «ልጁ የለም?» ይላሉ። ልጁ የሚሉት ባልደረባዬ በዕድሜ ይበልጠኛል። እኔንና እሳቸውን ያቀያየመን መነጽር ነው።

ሰውየው በጡረታ ላይ ያሉ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው። ይዘው የመጡት ጀርባው ዝግ የሆነ የፕላናር (በማግኔቶች አጠገብ በተወጠረ ስስ ሽፋን የሚሠራ) የጆሮ ማዳመጫ ሲሆን ዋጋው ከአንድ ወር የቤት ኪራዬ አያንስም። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ ዕቃው ጥፋት የለበትም። ማታ ማታ ባለቤታቸው ከተኙ በኋላ የጥላሁንንና የመሐሙድን የድሮ ሸክላዎች ያዳምጡበታል። ቅሬታቸው አጭር ነበር።

«ከበሮው የለም።»

ጉዳዩን አንብበውና አጥንተው ነው የመጡት። ፎስቴክስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚያመርተውን ቲ50አርፒ የተባለ ማዳመጫ ሰዎች ለዓመታት ሲፈቱት፣ ሲሞሉትና ሲለጥፉበት እንደኖሩ ተረኩልኝ። ዳን ክላርክ የተባለው አሜሪካዊም ያንኑ ማዳመጫ እያሻሻለ በመሸጥ ጀምሮ፣ የራሱን ማዳመጫ ወደ ማምረት ተሸጋግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ድርጅቱን በራሱ ስም እንደሰየመ ነገሩኝ። የማውቀው ታሪክ ነው። ቢሆንም ሽማግሌ ሲያወራ አይቋረጥምና ዝም ብዬ ሰማሁ። ሲጨርሱ «ስለዚህ ክፈተውና ፌልት ጨምርበት» አሉ፣ ድምፅ የሚያፍነውን ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ማለታቸው ነው፤ ሐኪም ቤት ገብቶ የመርፌውን ዓይነት ራሱ እንደሚያዝ በሽተኛ።

ሳልለካ አልከፍትም። የላስቲክ ጆሮና በውስጡ ማይክሮፎን ያለው መለኪያ አለን፤ ማዳመጫውን እሱ ላይ አስቀምጬ ከ20 ሄርዝ፣ ከወፍራሙ ድምፅ፣ እስከ 20 ሺሕ ሄርዝ፣ እስከ ቀጭኑ፣ አስጮህኩት። በኮምፒውተሩ ላይ የግራና የቀኙ መስመር ተደራርቦ አንድ ሆነ፤ ባሱም፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ እስከ ታች ድረስ ቀጥ ብሎ ሄደ። ጤነኛ ፕላናር እንዲህ ነው። የማያምረው ነገር ሲኖረው አብዛኛውን ጊዜ ከላይ፣ በቀጭኑ ድምፅ በኩል ነው እንጂ ከታች አይደለም። ቀና ብዬ ሰውየውን አየኋቸው። ወፍራም ጥቁር ፍሬም፣ ዘንጉ ደግሞ ሰፊ።

«ጋሼ፣ መነጽርዎን ለአንድ ደቂቃ ያውሱኝ።»

ዘንጉን ጆሮ ላይ በሚያርፈው የማዳመጫው ትራስና በመለኪያው የላስቲክ ጉንጭ መካከል አስገብቼ እንደገና ለካሁ። ከ100 ሄርዝ በታች ያለው መስመር ቁልቁል ወረደ፤ 40 ሄርዝ ላይ ሲደርስ ከ10 ዴሲቤል በላይ ጎድሏል። በፕላናር ውስጥ የሚርገበገበው የኤሌክትሪክ መስመር የታተመበት፣ በማግኔቶች አጠገብ የተወጠረ ስስ ሽፋን ነው። እንዲህ ባለው ዝግ ማዳመጫ ባሱን የሚሰጠን በሽፋኑና በጆሯችን መካከል የታሰረው አየር ነው። ያ አየር በዘንጉ ሥር ማምለጫ ካገኘ ከበሮውም አብሮት ያመልጣል። ሁለቱን መስመሮች በኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን አሳየኋቸው።

«ማዳመጫው ምንም አልሆነም ጋሼ። መነጽርዎን አውልቀው ይሞክሩት።»

«መነጽሬን?»

«አዎ። ትራሱን ከጉንጭዎ ላይ የሚያነሳው ዘንጉ ነው።»

መነጽሩን ከእጄ ተቀበሉኝና በሸሚዛቸው ጫፍ እያጸዱ ትንሽ ቆዩ። ቀስ ብለው መልሰው አደረጉት።

«አንተ ልጅ፣ እኔ እዚህ የመጣሁት ለጆሮዬ ነው ለዓይኔ?»

«ለጆሮዎ ነው፤ ነገር ግን …»

«መነጽሬን ካወለቅሁ የሸክላውን ልባስ በምን አነበዋለሁ? ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው በምን አየዋለሁ?»

«ዓይንዎን ጨፍነው ቢያዳምጡስ?»

ይህን ያልኩት በቅንነት ነው። እኔ ራሴ የማዳምጠው ጨፍኜ ነው፤ ብዙ ሰውም እንዲሁ። እሳቸው ግን ከጥገና ቤቱ የተባረሩ ያህል ቆጠሩት። ብዙ ለምኜ፣ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ማዳመጫውን እንዲያጠልቁ አደረግኳቸው። ራሳቸው ያመጡትን ዘፈን ከፈትኩላቸው። መጀመሪያ ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም። ባሱ ሲገባ ግን የቀኝ እጃቸው አመልካች ጣት ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ፤ ችክችካውን፣ አንድም ምት ሳያዛንፍ። ዓይኔን ጣታቸው ላይ ተክዬ ቀረሁ። ማየቴን አዩ፤ ጣቱም ቀጥ አለ።

ማዳመጫውን አወለቁና «ምንም ለውጥ የለውም» አሉ።

ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ የቡና ስኒውን እንደያዘ መጣ። ማዳመጫውን አንስቶ አገላበጠው፤ በጣቱ ጀርባውን ኳ ኳ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ። ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ለእኔ ይተዉልኝ። ይሄ ሥራ ይፈልጋል።» ሰውየው ፊታቸው በራ። «ታድያ ምን እያልኩ ነው!»

ባልደረባዬ እጁ የተባረከ ነው፤ አልክድም። የብየዳው ጥራት ለፎቶ የሚበቃ ነው። መለካት ግን አይወድም። በዚያ ሳምንት ማዳመጫውን ፈታው። የጀርባውን ግድግዳ ውስጡን ለመኪና በር ንዝረት ማፈኛ በሚለጠፈው ጥቁር ላስቲክ አለበሰው፤ በላዩ የሱፍ ፌልት አነጠፈበት፤ ከአየር ማስተንፈሻ ቀዳዳዎቹ አንዱን በፕላስተር ደፈነ። በመጨረሻ የፋብሪካውን ቀጭን ትራስ ነቅሎ ወፍራምና ለስላሳ የበግ ቆዳ ትራስ ገጠመለት። ፌልቱን ልክ እያስተካከለ ሲቆርጥ የነበረው በብረት መቀስ፣ ያውም ማግኔቱ ተከፍቶ ከተቀመጠበት አጠገብ ነው። እኔ በፕላናር አጠገብ ካቻቪቴ እንኳ ስይዝ በሁለት እጄ ነው፤ ማግኔቱ ብረቱን ስቦ ሽፋኑን ሲቀድድ በዓይኔ አይቻለሁ። «መቀሱን ራቅ አድርገው» አልኩት። «እጄ አይንቀጠቀጥም» አለኝ። የጠየቅሁት ስለ እጁ አልነበረም።

ደንበኛው ሊረከቡት በነበረው ዋዜማ ሁሉም ሲሄዱ መለኪያውን አውጥቼ የሠራውን አንድ በአንድ ለካሁት፤ የመነጽር ዘንግም አስገብቼ። ላስቲኩና ፌልቱ በመካከለኛው ድምፅ ላይ የነበረችውን አንዲት ጎድጓዳ በመጠኑ ሞልተዋታል፤ መልካም ሥራ ነው። የተደፈነው ቀዳዳ ባሱን እንዲያውም ትንሽ ቀንሶታል። ከበሮውን የመለሰው ትራሱ ነው። ወፍራሙ ቆዳ የመነጽሩን ዘንግ አቅፎ በዙሪያው ገጠመ፤ አየሩም መውጫ አጣ። ይህም ማለት፣ ሰውየው የሚያስፈልጋቸው በአምስት ደቂቃ የሚቀየር ትራስ ብቻ ነበር። የነገርኳቸውም ይህንኑ ነው፤ ትራሱና ጉንጫቸው አልተገናኙም ነው ያልኩት።

በማግሥቱ መጡ፤ አጠለቁ፤ መነጽራቸው በዓይናቸው ላይ ነው። ድምፁን መጀመሪያ እኔ ዘንድ ካዳመጡበት ከፍ አድርገውታል። ድምፅ ሲጨምር ሁሉም ነገር የተሻሻለ እንደሚመስል በዚህ ሙያ የማያውቅ የለም፤ የዚያን ዕለት ግን ማንም አላነሳውም። «መጣ! ከበሮው መጣ!» እያሉ ባልደረባዬን አቀፉት። ደረሰኙ ላይ የትራሱ ዋጋ ከታች በአንድ መስመር ተጽፏል። ከበላዩ «የድምፅ ማሻሻያ ሥራ» ይላል፤ የሰዓቱን ብዛት ባልናገር ይሻላል።

ሲወጡ ባልደረባዬን ያዝኩት። «ሥራውን የሠራው ትራሱ መሆኑን ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ታድያ ይህ ሁሉ ፌልት ለምን?»

ስኒውን አስቀመጠ። «ስማ፤ አንተ የሰውየውን መነጽር ሰደብክ። እኔ ማዳመጫውን ሰደብኩ። ማዳመጫው ዘመድ የለውም።»

መልስ ፈልጌ አጣሁ፤ ዛሬም ድረስ አላገኘሁም። የሚያናድደኝም እሱ ነው እንጂ ገንዘቡ አይደለም። ለአለቃችን ሄጄ ለእንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ ትራስ ብቻ ብንሸጥስ አልኩት። «ትራስ ብቻ ከሆነ ኢንተርኔት ላይ በግማሽ ዋጋ ያገኙታል፤ ልጁን የት ያገኙታል?» አለኝ። እሱም ልጁ ይለዋል።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ ደንብ አወጣሁ፦ ስለ ደንበኛ ሰውነትና ሰውነቱ ላይ ስላለው ነገር አልናገርም። ጸጉሩ ጎፍሮ ትራሱን ቢያነሳው፣ የጆሮ ጌጧ ቢያርቀው፣ ዝም ነው። ወፍራም ትራስ አወጣለሁ፤ «እስቲ ይህን እንሞክር» እላለሁ። ይሠራል። ደንቡን የምጥሰው ሲጠይቁኝ ብቻ ነው፤ ደግሞ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል።

ሰውየው ከጊዜ በኋላ ተመልሰው መጡ። ባልደረባዬ የዕረፍት ቀኑ ነበር። በግራ በኩል ዝቅተኛ ድምፅ ሲመጣ አንድ ነገር ይንቀጠቀጣል፤ ዝዝዝ ይላል። እንደ ልማዳቸው አሻግረው ወደ ባዶው ወንበር አዩና፣ ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ለእኔ ሰጡኝ። ከፍቼ በማጉያ መነጽር አየሁት። በማግኔቶቹ መካከል ካሉት ክፍተቶች በአንዱ ጠርዝ ላይ አንዲት የብረት ስንጣሪ ቆማለች፤ ከሽፍሽፍት የማትረዝም፣ አንድ ጎኗ የሚያብለጨልጭ። ባሱ ሲመጣ ሽፋኑ እየተነሳ ይነካታል። ከየትኛው መቀስ እንደመጣች ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በብረት ወረንጦ አይነካትም፤ የሚጣበቅ ሊጥ መሰል ማስቲካ በእንጨት ጫፍ አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ አነሳኋት። ሽፋኑ አልተቀደደም። ለክቼ፣ ገጥሜ፣ ድምፁን አሰማኋቸው።

«ጠፋ» አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ለእኔ ማሳየት ግን አልፈለጉም። ማስቲካው ላይ የተጣበቀችውን ስንጣሪ ላሳያቸው አቀረብኩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አደረጉና ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«ይህች ናት?»

«ይህች ናት።»

«ፋብሪካው እንዲህ አድርጎ ይልከዋል! ልጁ ባይከፍተው ኖሮ ከዚህም የባሰ ነበር።»

አፌን ከፈትኩ። እጃቸውን አነሱ፤ ስለ መነጽራቸው ደግሜ ልናገር የመሰላቸው ይመስለኛል። ሒሳብ ሲጠይቁ ለጽዳት የምናስከፍለውን ትንሹን ነገርኳቸው፤ ከፈሉ። ማዳመጫውን ግን አልያዙትም።

«እዚሁ ይደር» አሉኝ። «ልጁ ሲመጣ አንድ ጊዜ ይየው።»

በሥራ ወረቀቱ ላይ እንዳሉት ጻፍኩ። ባልደረባዬ ሰኞ ገባ፤ ወረቀቱን አነበበ፤ ማዳመጫውን ሳይፈታና ሳይለካ አጥልቆ የአንድ ዘፈን ግማሽ አዳመጠ። «ተፈትሿል» ብሎ ፈረመበት። አለቃችንም የግማሽ ሰዓት የፍተሻ ዋጋ ጨመረበት፤ ሰውየውም ሲወስዱት ለልጁ ደህና አድርገው ጉርሻ ሰጡት።